የወይዘሮ ወርቄ ድንች ማንንም አልመረዘም

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ሰልማ ኢድሪስ ዑመር
ዕድሜ፦ 31 ዓመት
ዜግነት፦ ሱዳናዊት
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ሲግናል አካባቢ፣ በወይዘሮ አስካለች ገላው ግቢ ተከራይ
ሥራ፦ የአረብኛ ቋንቋ አስተማሪ፣ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ
ጉዳዩ፦ ወይዘሮ ወርቄ የተባሉት ተጠርጣሪ የተበላሸ ምግብ ሸጠው በሰው ጤና ላይ ጉዳት አድርሰዋል በመባሉ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡30 ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዘመንፈስቅዱስ በላቸው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ቃሌን በአስተርጓሚ መስጠት እንደምችል በሳጅኑ ተነግሮኛል። አስተርጓሚ አልፈልግም ብያለሁ። ያስፈራሩኝ በአማርኛ ስለሆነ የምመልሰውም በአማርኛ ነው። አማርኛ የጀመርኩት ካርቱም ሳለሁ፣ ከእናቴ ጋር ልብስ ስትሰፋ ከነበረች የጎንደር ሴት ነው። አገሬ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር በመተማ በኩል ተሰድጄ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከአከራዬ ከወይዘሮ አስካለች ጋር ስነጋገር አሻሽዬዋለሁ። የማላውቀው ቃል ካጋጠመኝ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን ግን አላጋጠመኝም።

የምሠራው መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ቋንቋ ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኢዛና ወልደሰንበት ይባላሉ። ረቡዕ ጥር 20 ቀን የማሠልጠኛው ሠራተኞች በሙሉ ለሽርሽር ወደ እንጦጦ እንድንሄድ አደረጉ። ምሳውን እንዲያቀርብ የታዘዘው የአቶ ኢዛና ታናሽ ወንድም ቢንያም ሲሆን፣ እሱም የድግስ ምግብ እያዘጋጀ ለድርጅቶች የሚያቀርብ ነጋዴ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከማሠልጠኛው በር ስንነሳ ምግቡ በካርቶን ተደርጎ ሚኒባሱ የኋላ መስታወት ሥር ተደርድሮ ነበር። የተቀመጥኩት ከካርቶኖቹ ፊት ባለው ወንበር ላይ ስለሆነ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በረዶም ሆነ ማቀዝቀዣ አልነበረም።

እንጦጦ ፓርክ ገብተን ረፋዱን በእግር ስንዞር ቆየን። ሚኒባሱ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወጥተን፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ለምሳ ተቀመጥን። ጊዜው ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነበር። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ዶሮና ማዮኔዝ የገባበት ሳንድዊች ተገኘ። ቀኑ ረቡዕ በመሆኑ የሚጾሙት የጾም ምግብ ሲጠይቁ፣ ቢንያም አንድ ትሪ ፓስታ ብቻ እንዳመጣ ተናገረ። ፓስታው ለአራት ሰው እንኳን አልበቃም። ሰዎቹ ሲያጉረመርሙ አቶ ኢዛና ቀልድ አድርገውት አለፉ።

ወይዘሮ ወርቄን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ከእኛ አለፍ ብሎ ከመንገዱ ዳር ድስት ጥደው ድንች እየቀቀሉ ይሸጡ ነበር። የሚጾሙት ሠራተኞች ሁሉ ወደ እሳቸው ሄዱ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ረቡዕን አልጾምም። ሆኖም የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛችን ውዴ ወልደ ሐዋርያት ነይ አብረን እንሂድ ስላለችኝ ሄድኩ። ውዴ ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ ያገኘኋት የመጀመሪያ ጓደኛዬ ናት። ወይዘሮ ወርቄ ድንቹን ከሚፈላው ውኃ ውስጥ እያወጡ፣ በፊታችን ልጠው፣ ዳጣ ጨምረው ሰጡን። ትኩስ ስለነበር ጣቴን አቃጥሎኛል። ውዴ አንዱን ግማሽ በልታ ተወችው። እኔ አንድ ድንች ጨርሼ በላሁ።

ቀጥሎ የምናገረውን ለመናገር ከውዴ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ወደ ቦታችን ስንመለስ እኔና ውዴ ከሌሎቹ ነጠል ብለን ከአንድ ወፍራም ባሕር ዛፍ ጀርባ ተቀመጥን። እኔ ሳንድዊቼን ገና አልጀመርኩትም ነበር። ውዴ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣችው። ሳንድዊቹን እያየች "ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ሆዴ አያውቅም" አለችኝና ቁራሽ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ከፍዬ ሰጠኋት። ያንን ጨርሳ ደግሞ ጨመረች። ከሳንድዊቹ የበለጠውን የበላችው እሷ ናት። ከዚያ አፏን ጠርጋ፣ አባቷ መርጌታ ስለሆኑ ይህን ቢሰሙ እንደሚያዝኑባት ነግራ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ምልኩላት። ስምል ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

ከእንጦጦ ወርደን መገናኛ ስንደርስ ሆዴን ቆረጠኝ። ሲግናል እስክገባ ድረስ ታክሲ ውስጥ ቅዝቃዜና ላብ ሲፈራረቅብኝ ነበር። የግቢውን በር እንደከፈትኩ አስመለሰኝ። ከዚያ በኋላ ማስመለሱም ተቅማጡም አልቆም አለ። ወይዘሮ አስካለች ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጠው ቢያጠጡኝም ሆዴ አልይዝ አለ፤ ስለዚህ ጎረቤት ጠርተው፣ ደግፈውኝ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። እዚያ ግሉኮስ ተሰካልኝ። የመረመረችኝ ሐኪም የምግብ መመረዝ ነው አለችኝ። እናቴ ከፖርት ሱዳን ደውላ ነበር፤ ድምፄ ለምን እንደደከመ ስትጠይቀኝ ተኝቼ ነበር አልኳት። ሰው አገር ሆኖ መታመም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ እናትን ለማረጋጋት መዋሸት ማለት እንደሆነ ይወቅ። ወይዘሮ አስካለች አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን ሲያሹ ነበሩ። ንግግሩ በአረብኛ ቢሆንም ገብቷቸው ነበር መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሐሙስ ቀን እቤት ተኝቼ ዋልኩ። ስልክ እየደወልኩ የሌሎቹን ሁኔታ ስጠይቅ ብዙዎቹ እንደታመሙ ተረዳሁ። ውዴ ብሶባት ሆስፒታል መግባቷንም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከታመሙት መካከል የእንግሊዝኛ አስተማሪው ገመቺስ ይገኝበታል። ገመቺስ ድንቹን አልቀመሰም፤ ወደ ወይዘሮ ወርቄም አልሄደም፤ ሁለት የዶሮ ሳንድዊች ነው የበላው። በስልክ ሳናግረው ቀና ብሎ መቀመጥ አልቻለም ነበር። በሌላ በኩል ከውዴ በቀር ድንቹን የበሉት ጾመኞች በሙሉ ደህና ነበሩ፤ ሐሙስ ሥራ ገብተዋል። ከጾመኞቹ መካከል የታመመችው ውዴ ብቻ ናት። ሰው ሁሉ ውዴ ከድንች በቀር ሌላ አልበላችም ብሎ ያምን ነበር። ወይዘሮ ወርቄ ላይ ጣት የተቀሰረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ ጥር 23 ቀን ረፋድ ላይ አቶ ኢዛና አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ ወንድማቸው ቢንያምም ተቀምጦ ነበር። አቶ ኢዛና ስለ ጤንነቴ ከጠየቁኝ በኋላ፣ የውዴ አባት ለፖሊስ አመልክተው ድንች ሻጯ ዓርብ ዕለት መያዟን ነገሩኝ። እኔም ድንቹን እንደበላሁ ሰው ስላየኝ፣ ፖሊስ ሲጠይቀኝ የታመምኩት ድንቹን ከበላሁ በኋላ ነው እንድል ፈለጉ። ሳንድዊቹንም በልቻለሁ አልኳቸው። እሱን ማንሳት አያስፈልግም አሉ። ገመቺስስ አልኳቸው። ገመቺስን አነጋግረነዋል አሉኝ። ውዴንስ ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ የማልኩላት ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

ዝም ስል የተስማማሁ መሰላቸው። የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነገር እንደ እኔ ላለ ሰው ከባድ እንደሆነ፣ ማሠልጠኛው የድጋፍ ደብዳቤ ካልጻፈልኝ ብዙ ነገር ሊበላሽብኝ እንደሚችል በዝግታ አስረዱኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በመጨረሻ ያሉኝን ቃል በቃል እናገራለሁ፦ "አንቺ እዚህ አገር እንግዳ ነሽ ሰልማ፤ እንግዳ በሰው ጉዳይ አይገባም።" እኔም እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፦ "አቶ ኢዛና፣ እንግዳ አድርገው የጋበዙኝ እርስዎ ነዎት። የመረዘኝም የእርስዎ ግብዣ ነው።" ቢንያም ከመቀመጫው ተነሳ፤ አቶ ኢዛና እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱት። ከሰኞ ጀምሮ እንዳልመጣ የነገሩኝ ከዚህ በኋላ ነው። መጽሐፎቼን ይዤ ወጣሁ።

ገመቺስን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ፊቱ ገና አላገገመም ነበር። ምን እንደተባልኩ ያውቅ ነበር፤ እሱም ያንኑ ተብሏል። ሚስቱ የመውለጃ ወሯ ስለገባ አሁን ሥራ ቢያጣ መውደቂያ እንደሌላቸው ነገረኝ። እሱን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምናገረው። ፖሊስ እሱን ሲጠይቅ ምን በልተህ ነው የታመምከው ብሎ ብቻ ይጠይቀው። ገመቺስ ዝም ሊል ይችላል፤ ሲዋሽ ግን ሰምቼው አላውቅም።

እሑድ ከቀትር በፊት ውዴ የተኛችበት ሆስፒታል ሄድኩ። አባቷ መርጌታ ወልደ ሐዋርያት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም። ስሜን ስነግራቸው ብድግ ብለው ተቀበሉኝ። እኔም እንደታመምኩ ስለሰሙ ምሕረቱን ያውርድልሽ ብለው መረቁኝ። ከዚያ አቶ ኢዛና ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው እንደመጡ፣ ልጃቸውን ያመማት የመንገድ ዳር ድንች መሆኑንም የነገሯቸው እሳቸው እንደሆኑ አጫወቱኝ። ልጄ ስትጾም ታመመችብኝ እያሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ውዴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መርጌታ መድኃኒት ሊያመጡ ወረድ ሲሉ ከውዴ ጋር ብቻችንን ቀረን። ሴትየዋ መታሰሯን ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። አላወቀችም። አባቷ እንዳትጨነቅ ብለው አልነገሯትም። ስትሰማ የግሉኮሱ መርፌ ያለበትን እጇን ልትስበው ሞከረችና ያዝኳት። ለአባቷ መንገር እንደማትችል፣ ሞታ ቢያዩዋት እንደሚሻላቸው እየተናገረች አለቀሰች። እኔም ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የራሴን እንደምናገር፣ ስለ እሷ ካልተጠየቅሁ እንደማላነሳ፣ ከጠየቁኝ ግን እንደማልዋሽ ነገርኳት። ምዬልሽ ነበር፤ መሐላውን ካላነሳሽልኝ ደግሞ ስትጠየቅ ዝም አለች ብለው ይጻፉብኝ አልኳት። ከዚያ በላይ አልጫንኳትም።

መርጌታ መድኃኒቱን ይዘው ሲመለሱ፣ ሳልጠብቀው ራሷ ተናገረች። ድምፏ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ደግማ መናገር ግድ ሆነባት። ዶሮ መብላቷን፣ ከእኔ ተቀብላ መሆኑን፣ ድንቹን ግማሹን ብቻ መብላቷን ተናገረች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች አስታማሚዎች ሁሉ መርጌታን ያዩ ነበር። የሚቆጡ መስሎኝ በእሳቸውና በአልጋው መካከል ቆሜ ነበር፤ ይህን አሁን ሳስበው አፍራለሁ። መርጌታ መድኃኒቱን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጠው የልጃቸውን ግንባር ዳሰሱ። ከዚያ የተናገሩት ይህን ነው፦ "የጾሙን ነገር ለነፍስ አባትሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ያላጠፋች ሴት ያሳሰርኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሱ የኔ ነው።" በማግስቱ ወደ ጣቢያው በስንት ሰዓት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ዛሬ ጠዋት አብረን ነው የመጣነው፤ አሁን ከበሩ ውጭ ተቀምጠዋል።

ዛሬ ጠዋት ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ወይዘሮ ወርቄን እንዳይ ተፈቅዶልኝ ነበር። ወይዘሮ አስካለች ለእስረኛዋ ብለው የላኩትን ዳቦና ሻይ ይዤ ገባሁ። ወይዘሮ ወርቄ ወዲያው ለዩኝ። ሻዩን ከመቀበላቸው በፊት "አንቺም ታመምሽ አሉኝ፤ አሁን ተሻለሽ የኔ ልጅ?" ብለው ጠየቁኝ። ተሽሎኛል አልኳቸው። ቀጥለው፣ ዓርብ ከተያዙ ጀምሮ ሲያስቡት እንደቆዩ፣ ምናልባት የቀዱት ውኃ ይሆን እንዴ፣ ወይስ ዳጣው ውስጥ የገባ ነገር ይኖር ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ሰው ታሞብኝ ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አሉ። ሴትየዋ ያላደረጉትን ነገር ራሳቸው ማመን ጀምረዋል። ከአቶ ኢዛና ማስፈራሪያ ሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው። እጃቸውን ይዤ፣ ድንቹን ብቻ የበላ ሁሉ ደህና እንደሆነ፣ የታመመው ዶሮውን የበላ ብቻ እንደሆነ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ ስነግራቸው ነው ሻዩን የተቀበሉኝ።

ሳጅኑ ሁለቱንም ምግብ በልቼ ሳለ የትኛው እንዳመመኝ በምን ላውቅ እንደቻልኩ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። በእኔ ሆድ ብቻ ከሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የእኔን ሆድ ትተው የሌሎቹን ይጠይቁ። ድንች ብቻ የበላ አንድ የታመመ ሰው ያምጡልኝ፤ ካመጡልኝ ቃሌን እቀይራለሁ። እስካሁን ያቀረቡት ውዴን ነበር፤ ውዴ ደግሞ የበላችው ዶሮ ነው። ካርቶኖቹ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ሲቆዩ ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሚኒባሱ ውስጥ የነበረ ሁሉ አይቷል።

ከአቶ ኢዛና ጋር ቂም አለሽ ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ እስከ ቅዳሜ አልነበረኝም ብያለሁ። ሥራዬን ለማስመለስ ብለሽ ነው ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ቢለምኑኝም አልመለስም ብያለሁ። የውጭ ዜጋ በመሆኔ በዚህ ምስክርነት ምክንያት ችግር ሊገጥመኝ እንደሚችል አስቤበት እንደሆነ ተጠይቄአለሁ። አስቤበታለሁ። ካርቱም ሳለሁ ሰዎች በጎረቤታቸው ላይ የደረሰውን እያዩ አላየንም ሲሉ ኖሬአለሁ፤ ያ ዝምታ አንድም ሰው አላዳነም። እዚህም እንደዚያ ዝም የምትል ሴት ልሁን ብዬ አልመጣሁም።

ቃሌ ሲነበብልኝ አንድ ስሕተት አግኝቻለሁ። በመጨረሻው ላይ "ምስክሯ ያለ አንዳች ፍርሃት ቃሏን ሰጥታለች" ተብሎ ተጽፎ ነበር። እንዲሰረዝ ጠይቄአለሁ። ፈርቻለሁ። አሁንም እፈራለሁ። ፈርቼም ቃሌ ይኸው ነው፤ አንድም ቃል አልተውም፣ አልጨምርም። ያየሁትን፣ የበላሁትንና የሰማሁትን ብቻ ተናግሬአለሁ። ፍርድ ቤት ከጠራኝ ይህንኑ እደግማለሁ፤ ስሜም ሙሉው ይጻፍ እንጂ እንዳይሸፈን ፈልጌ ከዚህ በታች በአማርኛም በአረብኛም ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሰልማ ኢድሪስ ዑመር (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዘመንፈስቅዱስ በላቸው (ተፈርሟል)

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከፈረመች በኋላ መሄድ እንደምትችል ቢነገራትም፣ ወይዘሮ ወርቄ ሳይለቀቁ አልሄድም በማለት በጣቢያው ግቢ ተቀምጣ ቆይታለች። አመልካቹ መርጌታ ወልደ ሐዋርያት ቀርበው፣ አቤቱታቸው በተሳሳተ መረጃ ላይ የተመሠረተ እንደነበር ገልጸው አንስተዋል፤ የልጃቸውም ቃል በሆስፒታል እንዲወሰድ ጠይቀዋል። በምግብ አቅራቢው በቢንያም ወልደሰንበት ላይ ምርመራው እንዲቀጥል በኃላፊው ታዟል። ከሰዓት በኋላም ገመቺስ የተባለው አስተማሪ ሳይጠራ በራሱ ፈቃድ ቀርቦ ቃሉን ለመስጠት ተራ እየጠበቀ ነው።

ወይዘሮ ወርቄ በመታወቂያ ዋስ እንዲለቀቁ ተወስኗል። ምስክሯ የስደተኛ መታወቂያዋን ለዋስትና አቅርባ ተቀባይነት አላገኘም። ከአጠገቧ የቆሙት መርጌታ ወልደ ሐዋርያት የራሳቸውን መታወቂያ አውጥተው አስይዘዋል። የዋስ ፊርማው የእሳቸው ነው።